የፊታውራሪ ንጉሡ ማጠቢያ ማሽን

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ አድማሴ፣
ጄኖዋ፣ ጣሊያን አገር፤

ያገርዎ አምላክ በሄዱበት ሁሉ ይከተልዎት፤ ባሕሩም ብርዱም አይድፈርዎት። እኔ የወይዘሮ እታገኘሁ ልጅ ብዙዬ ነኝ። የእናቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች ናቸው። እርስዎ ካገር ሲወጡ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩና ባያስታውሱኝ አልቀየምም። አድራሻዎን ያገኘሁት ከእህትዎ ከንግሥቴ ሣጥን ውስጥ ካለ ፖስታ ላይ ነው።

ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን ብሎ መጀመር ደንብ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ደህና ስላልሆንኩ አልዋሽዎትም። ደግሞ ከወዲሁ ልንገርዎት፤ ብር ልለምንዎት አይደለም የጻፍኩት። ከዚህ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ብር ብር ይላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የምፈልገው እውቀትዎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርቁ ቆላውን ጠርጎ ሰዉን ወደ ከተማችን አመጣው። በመጠለያው ዛሬ ሦስት መቶ ያህል ሰው አለ። እኔ የአልባሳት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስልዎት ሰፊ ወንበር እንዳይመስልዎት፤ ብርድ ልብስ የምሰጥና የምቀበል ሰው ነኝ። ረሃቡ ጋብ ሲል ተስቦ ገባ። ተስቦውን ከሰው ሰው የሚያዞረው ቅማል ነው፤ ቅማሉ ያለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን ወንዝ ወርደው በእጃቸው የሚያጥቡት ሴቶች ቅማሉ እየወጣባቸው አንድ በአንድ ወደቁ። ስድስት ነበሩ። የቀረችው አስቻለች የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከእንግዲህ ወንዝ አልወርድም ብላለች። አልፈርድባትም።

ፊታውራሪ ንጉሡን ያውቁታል። የመሬቱ አዋጅ እንደወጣ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ቤቱ ለመጠለያው ተሰጠን። ጓዳው ውስጥ ምን አገኘን መሰለዎት? ሚስቱ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ልብስ የሚያጥብ ማሽን! ፊቱ ላይ ክብ የመስተዋት በር አለው፤ ጽሑፉ የጣሊያን ነው። ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር ዘማች ተማሪዎቹ አስነሥተውታል። ማሽኑ ግን ውሃ አይሞላም። ጥቂት የገባለት እንደሆነም እግሩ ሥር ያፈሰዋል።

የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ፈንታሁን ይባላል። ትናንት የፊታውራሪን ጎተራ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬ ከሁላችን በላይ አብዮተኛ ሆኗል። «ይሄ የተበላሸ ንብረት ነው፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በካሚዮን ጭነን ደሴ እንልከዋለን» አለ። ደሴ ማን እንደሚቀበለው አገር ያውቃል፤ አማቱ ናቸው። እኔም «እስከዚያ ከሠራስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ከሠራማ ለመጠለያው ይሁን» አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ንግሥቴ «ወንድሜ ጣሊያን አገር የታመመ ማጠቢያ ማሽን ያክማል» እያለች ታወራ ነበር። እውነት ከሆነ ይኸው በሽተኛ አምጥቼልዎታለሁና ያክሙልኝ።

ብዙዬ


ጄኖዋ፣ ግንቦት 9 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለእታገኘሁ ልጅ፣ ለብዙዬ፤

ጤና አይለይሽ፤ የእናትሽ ምርቃት ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና አሠሪዬ ምን ነካህ እስኪለኝ ድረስ ሳቅሁ። መካነ ሰላም ውስጥ ማጠቢያ ማሽን! እኔ ስወጣ መብራት እንኳ አልነበረም።

የማን ዕቃ እንደሆነ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። አባቴን ስንት ወር ደጁ ላይ እንዳቆመው እናትሽ ታውቃለች። ለዚያ ሰው ንብረት ጣቴን አላነሣም ብዬ ደብዳቤሽን ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በአራተኛው ቀን እሱ ሸሽቶ ጫካ ለጫካ ሲዞር የድሃ ብርድ ልብስ በሱ ማሽን ሲታጠብ ታየኝና ደስ አለኝ። ስለዚህ ስሚኝ።

ከሁሉ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀዪ። ገመዱ ሳይነቀል ጀርባውን የነካሽ ቀን ከኔ ጋር አንተዋወቅም። ከዚያ ውሃ የሚገባበትን ቀጭኑን ቱቦ ፍቺው። አፉ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት ተሰክታለች። በመርፌ አውጥተሽ እጠቢያት፤ የናንተ ውሃ ጭቃ ነውና ተደፍና ይሆናል። ደግሞ ውሃው የሚመጣው ከየት ነው? ማሽን ውሃ አይስብም። ውሃው ራሱ ከላይ ተገፍቶ ካልመጣ አያስገባውም። በርሜሉን መሬት ላይ አስቀምጠሽ እንደሆነ እስከ ዓመት ብትጠብቂ አይሞላልሽም። ቆጥ ሠርታችሁ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ አድርጉት።

ሌላው፣ ቆሻሻ ውሃ የሚወጣበት ወፍራም ቱቦ አለ። እሱ የት እንደተዘረጋ ጻፊልኝ። የሚያፈሰውም ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ሲሞላ ይሁን ሲዞር ለይተሽ እዪ። «ያፈሳል» ብሎ ዝም ማለት ለሐኪም «ያመኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ንግሥቴስ እንዴት ናት? ሣጥኗ አንቺ ዘንድ ምን አመጣው? ከጥምቀት ወዲህ ያጻፈችልኝ ደብዳቤ የለም። ለሷ ትንሽ ብር እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ፤ በእጇ ስጫት።

አድማሴ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 15 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ አድማሴ፤

እጅዎ አይዛል፤ ዓይንዎ አይድከም። እንዳሉኝ ገመዱን ነቅዬ ወንፊቷን አወጣኋት። ጭቃና ገለባ ነበረባት፤ አንድ የሞተ ጥንዚዛም አብሮ ወጣ። በርሜሉን ደግሞ እውነትም መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥነው። ተማሪዎቹ በባሕር ዛፍ ረጅም ቆጥ ሠሩልኝ። ፈንታሁን መጥቶ አየና «ማማ ነው እንዴ የምትሠሩት? ዝንጀሮ ልትጠብቁ ነው?» አለ። «አዎ፣ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ አስቸግሮናል» አልኩት። ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እሱ ግን ገብቶታል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አይለኝም።

ውሃው እየተንደረደረ ገባ! በመስተዋቱ አየነው፤ አስቻለች እልል አለች። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ይገባል እንጂ አይሞላም። አንድ በርሜል ሙሉ ጠጥቶ አንድ ስንዝር እንኳ ከፍ አላለም።

ስለ ወፍራሙ ቱቦ ጠይቀውኛል። በሱ እንኳ አንታማም። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ውሃ መምራት አይጠፋኝም። ከግድግዳው ሥር እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ቦይ አስቆፍሬ ቱቦውን ከመሬት አጋድሜ በቦዩ ውስጥ ሰድጄዋለሁ። ውሃው ምንም ሳያግደው ይወርዳል። ያየ ሁሉ አድንቆታል። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ይፈልጉልኝ።

የሚያፈሰው ከፊት ነው፤ ከበሩ ግርጌ። በሩን የሚከበው ላስቲክ ሁለት ቦታ ላይ በአይጥ ተበልቷል። ላስቲኩ ግራጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የተበላው ጣት ያስገባል።

ብሩ ደርሷል፤ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ስለ ዘመድ አዝማድ ወረቀቱ ስለጠበበኝ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ብዙዬ


ጄኖዋ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለብዙዬ፤

እግዜር ዕድሜና ልብ ይስጥሽ። ዕድሜው ይቆይ፤ ልቡ ግን በቶሎ ያስፈልግሻል።

ያገር ሰው ሁሉ ያደነቀው ቱቦሽ ነው ማሽኑን ያስቸገረው። ማሽን ውሃ የሚይዘው ያ ወፍራም ቱቦ ከሆዱ በላይ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ነው። አንቺ ግርጌው ላይ አጋደምሽውና ከላይ የገባው ሁሉ በሱ በኩል ዝም ብሎ ይወርዳል። አያሳፍርሽ። ውሃን ወደታች መምራት ነው የተማርነው። እኔም እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ልክ እንዳንቺ አድርጌ የአንድ ደንበኛ ቤት ምንጣፍ አጥለቅልቄያለሁ። አሁን ቱቦውን ከቦዩ አውጪና ከማሽኑ አናት ትይዩ ግድግዳው ላይ በሚስማር ስቀዪው። ከዚያ ጫፉን ወደ ቦዩ መልሺው፤ ጫፉ ግን ጭቃ ውስጥ አይቀበር፤ አየር ያግኝ። ማሽኑ ቆሻሻውን ውሃ በገዛ ጉልበቱ ሽቅብ ገፍቶ ያወጣዋል። አታምኚኝም፤ አውቃለሁ። ግን አድርጊው።

ለላስቲኩ ካሚዮን ጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ ቆርጠሽ አይጥ የበላውን ለጥፊበት። ጎማ የሚለጥፉበት ማጣበቂያ ሹፌሮቹ አያጡም። ከዚህ በኋላም ካፈሰሰ ሳሙና አብዝተሽበታል ማለት ነው። ስንት ሳሙና እንደምትጨምሪ ጻፊልኝ።

ብዙዬ፣ ስለ ንግሥቴ ስጠይቅሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው። ብሩ «እኔ ዘንድ ተቀምጧል» ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀቱ ጠበበኝ አትበዪኝ። አይጥ ለበላው ላስቲክ የሚሆን ቦታ ነበረሽ።

አድማሴ


መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 14 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለጋሼ አድማሴ፤

ምርቃት ልጽፍ ብዕር አንሥቼ አልመጣልኝ አለ። መጀመሪያ ስለ ማሽኑ እነግርዎታለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። በዚህ ተራ የምጽፈው ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ቱቦውን ሰቀልኩት። ሞላ! እስከ መስተዋቱ ግማሽ ሞላ፤ ቆመ፤ ከበሮው ወዲያ ወዲህ ዞረ። ቆሻሻውን ውሃም ሽቅብ ገፍቶ ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ግን አሁንም ያፈሳል፤ እንዲያውም ብሶበታል። በበሩም ከላይ ባለው በሳሙና መሳቢያውም ይወጣል፤ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ላስቲኩን እንዳሉኝ ጠግኜዋለሁ፤ በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ ጥብቅ ነው። ሳሙና በዝቶበታል ይላሉ። ጋሼ፣ እኔ ሳሙና ካየሁ መንፈቅ ሆኖኛል። አንዲት ፍርፋሪ አላስገባሁበትም። ስለዚህ በሳሙና አያሳብቡ፤ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን ሌላውን ልጻፍ። ንግሥቴ የካቲት 12 ቀን አርፋለች።

በሬዎቿ ካለቁባት በኋላ ከወግዲ በእግሯ መጣች። መጠለያ ውስጥ እጄን አጣጥፌ አልበላም አለች። ብርድ ልብስ ከሚያጥቡት ከስድስቱ አንዷ እሷ ነበረች። የአጣቢዎቹን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሟን በእጄ ጻፍኩት። በሽታው በቅማል እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አራተኛዋ ስትወድቅ ነው፤ ንግሥቴ ሦስተኛዋ ነበረች። ዘጠኝ ቀን ታመመች። ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ፤ ተፈትታ በክብር ተቀብራለች።

ይህን መጀመሪያ ብነግርዎት ስለ ማሽኑ አይመልሱልኝም ብዬ ነው የደበቅሁት። እውነቱ ይህ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ይቀየሙኝ፤ ቢያሻዎትም ይርገሙኝ። ግን ከእንግዲህ የማንንም ሴት ስም ለወንዝ አልጽፍም። ማሽኑንም ለፈንታሁን አማት አልለቅም። ካሚዮኑ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይመጣል። እስከዚያ ባይጽፉልኝ ብቻዬን እታገለዋለሁ።

ብዙዬ


ጄኖዋ፣ መስከረም 18 ቀን 1968 ዓ.ም.

ብዙዬ፤

ዛሬ ሰላምታም ምርቃትም የለኝም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀኑ ነው። አምስቱን ቀን ሥራ አልገባሁም። አንቺን የምሰድብበት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እህቴ ከሞተች በኋላ እኔ ስለ ቱቦና ስለ ላስቲክ እየቀለድኩ ስጽፍልሽ ነበር። ይህን ይቅር እልሻለሁ ብዬ ዛሬ አልዋሽም።

እህቴን ላስባት ብል የማስበው አጣሁ። ጥያት ስወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ አድጋ አላየኋትም። የማስታውሳት የእናታችንን ቀሚስ ተሸክማ ወንዝ ስትወርድ ነው። እንዶዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወቅጣ አንድ እፍኝ ታደርግበታለች። አንድ እፍኝ ብቻ! አረፋው ክንዷን ውጦ፣ ከድንጋዩ ሞልቶ፣ ወንዙን ነጭ እያደረገ ይወርዳል። እሷ ትስቃለች። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ይህን ሳይ ቆየሁና ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳሙና የለም ብለሽኛል። ታዲያ በምን ነው የምታጥቢው?

በእንዶድ ነው የምታጥቢው! ሌላ በምን ታጥቢያለሽ! ስለ አረፋው አንድም ቃል አልጻፍሽልኝም፤ አረፋ ካልወጣ ታጠበ የማይባልበት አገር ነውና ነገሬም አላልሽው። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት ማሽን ስጠግን እንዶድ የገባበት አላየሁም፤ ለአሠሪዬ ብነግረውም አይገባው። ማሽኑ ጤነኛ ነው። አረፋው ነው ከበሮው ውስጥ አልበቃ ብሎት በበሩም በመሳቢያውም ተግተልትሎ የሚወጣው፤ ወለሉ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ሲፈስስ ስታዪ እንዶዱ ታጥቦ አለቀ ብለሽ ደግሞ ጨምረሽበታል። አይደለም በይኝ እስቲ።

አሁን ባዶውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አዙሪው፤ አረፋ የሚባል እስኪጠፋ። እንዶዱን ቀደም አድርገሽ ዘፍዝፊው፤ በጨርቅ አጥልይው፤ ከላይ ያለውን አረፋ ገፍፈሽ ድፊው። ከቀረው ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ ብቻ ጨምሪ። እጅሽ ድገሚ ድገሚ ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። ደግሞ ቅማል በአረፋ አይሞትም። መዘውሩን ዘጠና የሚለው ቁጥር ላይ አድርጊው፤ ቅማል የሚፈራው ሙቀቱን ነው።

ያስቀመጥሽውን ብር ለተዝካሯ እንዳታደርጊው። ናፍጣ ግዢበት። ቄሶቹ ቢቆጡ ወንድሟ ነው ያዘዘ በያቸው፤ ኃጢአቱን እኔ እችለዋለሁ። ያንን ማሽን ከወሰዱብሽ ግን ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ።

አድማሴ


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 30 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለጋሼ አድማሴ፤

ሀዘንዎን የሚያስረሳ ባይኖርም ጉልበትዎን የሚያጸና አይጥፋ። ይቅርታዎን ዛሬ አልጠይቅም፤ ሲሆንልዎት ይሆናል። ደብዳቤዎ ጥቅምት 17 ቀን ደረሰኝ።

ሁለት ጣሳ ነበር የምጨምርበት። ሲፈስስ ሦስተኛ እደግም ነበር፤ አይደለም አልልዎትም። ባዶውን ስድስት ጊዜ አዞርነው፤ በስድስተኛው ውሃው ጠራ። ከዚያ እንዳሉት የተጠለለ እንዶድ አንድ ብርጭቆ ጨምሬ፣ መዘውሩን ዘጠና ላይ አድርጌ፣ ሁለት ብርድ ልብስ አስገባሁበት። አስቻለች «ይቺ እንዶድ ለመሐረብም አትበቃ» ብላ አኮረፈችኝ። ከተን ቆምን። ማሽኑ ሞላ፤ ዞረ፤ ጨረሰ። አስቻለች በባዶ እግሯ ዙሪያውን ዞረችና ውስጥ እግሯን አሳየችኝ። ደረቅ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለጓደኞቿ፣ እኔ ለንግሥቴ።

ካሚዮኑ ጥቅምት 27 ቀን መጣ። ፈንታሁን አራት ተሸካሚ ገመድ አስይዞ ገባ። ማሽኑ እየዞረ ነበር። «አጥፊው» አለኝ። «ሥራ ላይ ነው» አልኩት። «ከሠራ ለመጠለያው ይሁን ያልከው አንተ ነህ፤ ምስክሮቹ እዚሁ አሉ።» ቀልድ ነበር አለ። ተሸካሚዎቹን ንቀሉት ብሎ አዘዘ።

እኔም ለተሸካሚዎቹ «አብሽሩ ወንድሞቼ፣ እኔ አልከለክላችሁም» አልኳቸው። «ብቻ መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ያለውን አውጡ፤ ውሃ እንደያዘ አይነሣም። ብርድ ልብሶቹ የተስቦ በሽተኞች የለበሷቸው ናቸው፤ አሁን ነው የገቡት፤ ገና አልሞቁም።» አራቱም ገመዱን መሬት ላይ ጣሉት። ፈንታሁን «እኔ አዝዣችኋለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንደኛው «እንግዲያው ጌታዬ እርስዎ ይክፈቱት» አለው። ፈንታሁን በሩን አየው፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

ከዚያ ወረቀት አወጣ። ደሴ የተተየበ ነው፤ «ከዚህ በታች የተጠቀሰው ማሽን ውሃ የማይሞላና የሚያፈስስ፣ ብልሹ መሆኑን አረጋግጫለሁ» ይላል። ከሥሩ የኔ ስም አለ። ሹፌሩ ያለ ኃላፊዋ ፊርማ ዕቃ አልጭንም ብሎ ኖሯል። ፈንታሁን ብዕሩን ሰጠኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ፈርሚ፤ ያለዚያ ሥራሽን ብቻ አይደለም የምታጪው» አለኝ። ብዕሩን ተቀብዬ የተተየበውን ሁሉ ሰረዝኩት። ከሥሩ «ይሞላል። አያፈስም። እየሠራ ስለሆነ አይነሣም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወረቀቱን ለሹፌሩ ሰጠሁት። ሹፌሩ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ባዶ ካሚዮኑን አስነሥቶ ሄደ።

በብሩ ናፍጣ ገዝቻለሁ። ቄሶቹ ተቆጥተው ነበር፤ ኃጢአቱን የሚችል አለ አልኳቸው። አጣቢዎቹ ዛሬ አራት ሆነዋል፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ወንፊቷን ማጽዳት፣ ቱቦውን መስቀል፣ እንዶዱን ማጥለል ለአራቱም አስተምሬያለሁ። አስቻለች እንዲያውም ከኔ በልጣ አንድ ብርጭቆ በዛ ማለት ጀምራለች።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፍልዎት ነገ ስለማይመቸኝ ነው። ትናንት ከደሴ ወረቀት መጥቶብኛል፤ «የመንግሥት ንብረት ርክክብ በማደናቀፍ» ቃል እንድሰጥ ማክሰኞ እንድቀርብ ይላል። ስንቄን ቋጥሬያለሁ። ይመልሱኝ አይመልሱኝ አላውቅም። ወረቀቱን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የተጠራው የኔ ስም ብቻ ነው። ማሽኑ አልተጠራም፤ ዛሬ ጠዋት አርባኛውን ብርድ ልብስ አጥቧል።

ብዙዬ